ስልቻዬ ስብሰባ የዋለበት ሐሙስ

ወፍጮ ቤት ሥራ የገባሁት ዓርብ ቀን ነው። ከሰባቱ ቀን መርጦ ሰውን በዓርብ ሥራ የሚያስጀምር ወይ ጠላት ነው፣ ወይ ሊቀመንበር ነው። እኔን ያስጀመረኝ ሊቀመንበሩ ነው።

ጊዜው የደርግ፣ ቦታው ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነው። ስሙ እንደሚናገረው ገበያው ዓርብ ይቆማል። ከደጋው ገብስና ባቄላ፣ ከወይና ደጋው ስንዴና ጤፍ የጫነ ሰው በእግሩ ይመጣል፤ ከስማዳ በኩል እንኳ አህያ እየነዳ ይመጣል። የመጣ ሁሉ እህሉን አስፈጭቶ መመለስ ይፈልጋል። የናፍጣ ወፍጮ ያን ጊዜ አንድ ብቻ ነበር፤ የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር ያስተከለው። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ሞተሩ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፣ ፀሐይ ገብታ ሰው ለሰው መተያየት እስኪያቅተው ድረስ አያርፍም።

ሊቀመንበሩ ጓድ አበጀ ይባል ነበር። ከመቅጠሩ በፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እኔን አቁሞ መረመረኝ።

«ማንበብ መጻፍ ትችያለሽ?»

«መሠረተ ትምህርት ገብቻለሁ። ስሜን እጽፋለሁ።»

«ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም። ስለ ዱቄት ጠይቀኝ።»

«አንተ ትይኛለሽ?»

«አንቺ ስላልከኝ ነው። ጓድ ማለት እኩል ማለት ነው ብለህ በስብሰባ ያስተማርከን አንተ ነህ።»

ሳቀ። ያን ጊዜ ገና ይስቅ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሬ በእጅ ወፍጮ ስፈጭ የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ፣ ዱቄት በጣቴ አሽቼ ለገንፎ ይሁን ለዳቦ እንደምለይ ሰው ነግሮት ነበር። ቀጠረኝ።

ወፍጮ ቤቱ ሁለት ሠራተኛ ነበረው። አንዱ አያ ፈንታ ነው፤ ባለ ሞተሩ። ሞተሩን በማኑቬላ አዙሮ ያስነሣል፣ ናፍጣና ዘይት ይሰጣል፣ ከሞተሩ ወደ ወፍጮው ኃይል የሚያደርሰውን ሰፊ ጠፍር፣ ቺንጋውን፣ ይጠብቃል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለቱን የወፍጮ ድንጋዮች ፈትቶ በመሮና በመዶሻ ይወቅራል። ያልተወቀረ ድንጋይ እህል ይጨፈልቃል እንጂ አይፈጭም። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ አስፈጪዋ። ተራ አስከብራለሁ፣ እህል አፈሳለሁ፣ ዱቄቱ ከሥር ሲወርድ በሁለት ጣቴ አሽቼ ድንጋዩን አጠብቃለሁ ወይም አላላለሁ። በርበሬ ይዞ የመጣ ከሁሉም በኋላ ይገባል። የቄስም ቢሆን፣ የካድሬም ቢሆን በርበሬ በርበሬ ነው።

በዚያች በመጀመሪያዋ ዓርብ ይህን ሁሉ አላውቅም። ዋዜማዋን፣ ሐሙስን፣ ከጧት እስከ ማታ የጤፍ አረም ስነቅል ውዬ ነበር። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ላይ ቆሜ አሸለብኩ። ሞተር አጠገብ ሰው ቆሞ ሊተኛ ይችላል ብትሉኝ አላምንም ነበር፤ ይቻላል። የነጠላዬን ጫፍ ቺንጋው ነከሰው። አያ ፈንታ ዘሎ በጡጫ መታኝና የስንዴ ስልቻ ላይ ገለበጠኝ። እኔ ቀረሁ፣ ነጠላዬ ሄደች። ሦስት ጊዜ ዞራ ብጥስጥሷ ወጣ።

አያ ፈንታ ሞተሩን አጥፍቶ መጣ። አልተቆጣም።

«ትርንጎ፣ ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«አረም።»

«ከእንግዲህ ሐሙስ አረም የለም። ሐሙስ ተኚ። ይኼ ሞተር የደከመ ሰው ይወዳል።»

ሐሙስ ድሮም ወፍጮው አይፈጭም ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሙስ የኔ ሆነች።

እሑድስ ዕረፍት አይደለም ወይ የሚለኝ አለ። እንዲህ የሚል ሰው ቅዳሴ ቆሞ አስቀድሶ አያውቅም። እሑድ የእግዜር ናት፤ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበር አለ፣ ተዝካር አለ፣ ለቅሶ መድረስ አለ። የወሩ በዓላት የመላእክትና የጻድቃን ናቸው። የቀሩት ቀኖች የወፍጮው፣ የባሌና የከብቶቹ ናቸው። ሐሙስን ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ረቡዕ ጾም፣ ዓርብ ጾም፤ ሐሙስ በሁለቱ መካከል ወተት የሚጠጣባት፣ ቅቤ የሚቀባባት ቀን ናት። እግዜርም እንድትበላ አስቦ ነው እዚያ ያስቀመጣት ብዬ አምናለሁ።

ሐሙስ ፀሐይ የጓሮዬን ካብ ካላለፈች አልነሣም። ባሌ ይርሳው መጀመሪያ ሰሞን በር ላይ ቆሞ ይጣራ ነበር።

«ሴትዮ! ሞትሽ?»

«ሐሙስ ነው።»

«ሐሙስ ሰው አይሞትም?»

«ይሞታል። አይነሣም።»

በኋላ ለመደው። ጧት ራሱ ከብቶቹን ያወጣል፣ እርጎውን ከራስጌዬ አስቀምጦ ይሄዳል። ለሰው ግን «ታማለች» ይል ነበር። ሚስቴ ተኝታለች ከማለት ሚስቴ ታማለች ማለት ለወንድ ይቀላል።

እርጎዬን ጠጥቼ ከጓሮ ወይራው ሥር ቁርበት አነጥፋለሁ። ራሴን ቅቤ እቀባለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ የነፋብኝ ዱቄት ከጠጉሬ የሚላቀቀው በቅቤ ብቻ ነው። ከዚያ እጋደማለሁ። ሌላ ምንም የለም። ሞተር አጠገብ የሚሠራ ሰው ጆሮ ዝም ማለት አያውቅም፤ ሲተኛም ዱ-ዱ-ዱ ይላል። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ያ ድምፅ ቀስ እያለ ይሞትልኝና መጀመሪያ ንብ እሰማለሁ፣ ቀጥሎ ዶሮ ሲጭር፣ ቀጥሎ ደግሞ እትየ ስንዱ ከምራቷ ጋር ስትጣላ። ከሁሉ የሚጣፍጠው የመጨረሻው ነበር።

አንድ ቀን እትየ ስንዱ ራሷ እንጨት ተሸክማ በካቡ ላይ ብቅ አለች።

«ትርንጎ፣ ምን ነካሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ተኛሽ?»

«ምንም ስላልሆንኩ።»

«እንዝርት ላቀብልሽ? እጅሽ ባዶውን ነው።»

«ባዶውን ይሁን።»

«ወይ ጉድ!» አለችና ሄደች። በወሩ ግን እሷም እንጨቱን ረቡዕ መልቀም ጀመረች። ሐሙስ ካቡን ተደግፋ ትቀመጣለች፤ ምራቷም ትንሽ አረፈች።

እንግዲህ በሐሙስ የሚያርፉት እኔና አያ ፈንታ ብቻ አልነበርንም። ከሩቅ የሚመጣ ገበሬ ለዓርብ ተራ ለመያዝ ሐሙስ ጧት ይደርሳል። ስልቻውን ከወፍጮ ቤቱ በር ጀምሮ በመስመር ያቆማል። ስልቻ ከቆመ ተራ ተያዘ ማለት ነው፤ ማንም አይነካውም። ባለቤቱ ከማዶ ካለው ዋርካ ሥር ይጋደማል። ሁለት ቀን ተጉዞ የመጣ ሰው ነው፣ በማግስቱ ገበያ ይቆማል፣ ከዚያ ሸክሙን ይዞ ዳገት ይወጣል። ያ ሰው ሰነፍ አይደለም። ስልቻው እየሠራለት ነው።

ጓድ አበጀ ግን ሌላ ነገር አየ።

ስለ ጓድ አበጀ ልናገር። በልጅነቱ እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ዜማ ሊማር ገብቶ፣ ሳይጨርስ ወጥቶ፣ አብዮቱን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ነው። ድምፁ መልካም ነበር፤ ይህን አልነፍገውም። መፈክር ሲያወርድ «ወደ ፊት»ን እንደ ማሕሌት ይጎትተዋል። ሽማግሌዎቹ ሳያውቁት መቋሚያቸውን ያነሡ ነበር። ስብሰባ ይወድ ነበር። እሱ ሲቀመጥ ስብሰባ ይባላል፤ እኔ ስቀመጥ ስንፍና ይባላል። ልዩነቱ ወንበሩ ላይ ነው።

አንድ ሐሙስ በዋርካው በኩል ሲያልፍ ቆሞ አየ። ሰው ተዘርግቷል። አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ጓደኛውን ቅማል ያይለታል።

«ስልቻው ተሰልፎ ሰው ተጋድሟል!» ብሎ ጮኸ። «በዚህ አገር ከሰው ስልቻ ነቅቷል!»

ያን ንግግሩን ልብ አድርጉልኝ። የገዛ ቃሉ ነው።

በሳምንቱ ትእዛዝ ወጣ። ሐሙስ ሐሙስ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞችና ተራ ጠባቂዎች በሙሉ ለእርከን ሥራ ጋራው ላይ እንዲወጡ። እኔ የማኅበሩ አዳራሽ ሄጄ ነገርኩት።

«ጓድ አበጀ፣ ዓርብን ታውቀዋለህ። ከጎሕ እስከ ማታ ነው የምንቆመው።»

«ታዲያስ? ሐሙስ ምን ሠርታችሁ ትደክማላችሁ?»

«ሐሙስ ዓርብን ነው የምንሠራው።»

«ተኝታችሁ?»

«ተኝተን።»

በአዳራሹ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሁለት ሐሙስ ድንጋይ ተሸከምን። እርከኑ እርከን ሆኖ አያውቅም፤ በክረምት ጎርፍ ይዞት ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ አያ ፈንታ የላላውን ቺንጋ ሊያስተካክል እጁን ሰደደ። ዋዜማውን ድንጋይ ሲሸከም የዋለ፣ ያበጠ እጅ ነው፤ ቶሎ አልተመለሰለትም። ሁለት ጣቱን ወሰደው። የቀኝ እጁን፣ መሮ የሚይዝበትን።

በነጠላዬ ጠቅልዬ በበቅሎ ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረ። «ደክሞኝ ነበር» አለ። እንደሚያፍር ሰው።

ወፍጮው አንድ ወር ተዘጋ። የአርብ ገበያ ሴት ሁሉ ወደ እጅ ወፍጮው ተመለሰ። መጅ እየገፉ ለሊቀመንበሩ የመረቁለትን ምርቃት እዚህ አልጽፈውም።

ጓድ አበጀ አደጋውን መረመረ። ምክንያቱ «የጥንቃቄ ጉድለት» ሆኖ ተገኘ። መፍትሔውም ተገኘ፤ ስለ ጥንቃቄ ውይይት ማድረግ። መቼ? ሐሙስ። በየሳምንቱ፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት። ሠራተኞቹም፣ ተራ ጠባቂዎቹም።

«ዕረፍት ነው ያላችሁት፤ ይኸው» አለን። «ተቀምጣችሁ ነው።»

አያ ፈንታ እጁ ሽሮለት ተመለሰ። ስምንት ጣት ይዞ መሮ ለመጨበጥ ከእጁ ጋር በጨርቅ ያስረው ነበር። የመጀመሪያው የውይይት ሐሙስ ሲደርስ ጠየቀኝ።

«ትሄጃለሽ?»

«አልሄድም።»

«ያስሩሻል እኮ።»

«ነጠላዬ ሄዳለች፣ ጣትህ ሄዷል። የሚቀጥለው የማን ምን እንደሆነ እስካውቅ አልቀመጥም። እተኛለሁ።»

መቅረት ግን ጥፋት ነው፤ ሕግ አውቃለሁ። ስለዚህ ተራ ያዝኩ። ያረጀች የፍየል ቆዳ ስልቻዬን ጭድ ሞላኋት። በከሰል «ትርንጎ» ብዬ ጻፍኩባት። መንግሥት ያስተማረኝን ፊደል ከመዝገብ ውጭ ስጠቀምበት ያ የመጀመሪያዬ ነው። ወስጄ አዳራሹ ውስጥ፣ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ፣ ቀጥ አድርጌ አስቀመጥኳት። ወይራዬ ሥር ተመልሼ ተጋደምኩ።

ማታ የአብዮት ጥበቃ ሰው ስልቻዬን ይዞልኝ መጣ።

«ሊቀመንበሩ ምን ማለት ነው ይኼ ይላሉ።»

«ተራዬን እየጠበቀችልኝ ነው በላቸው። ሐሳብ የመስጠት ተራ ሲደርሰኝ ይጥሩኝ።»

«እትየ ትርንጎ፣ ተይ ግድ የለሽም።»

«ተናገረች እንዴ? አስቸገረች?»

ጥበቃው ሊስቅ ሲል አፉን በጠመንጃው ማንገቻ ከደነ።

ወሬው ዓርብ በወፍጮ ቤቱ ሞላ። እኔ ለማንም አድርጉ አላልኩም፤ ይህን እውነቴን ነው። ሞተር እየጮኸ ምን ይባላል? ብቻ በሚቀጥለው ሐሙስ ጧት ስልቻዬን መልሼ አዳራሹ ውስጥ አስቀምጬ ስመለስ፣ ከዋርካው ሥር አንድ የስማዳ ሽማግሌ ተነሥቶ፣ ከወፍጮ ቤቱ በር ስልቻውን አንሥቶ፣ ወደ አዳራሹ ሲሄድ አየሁት። ወዲያው ሌላው ተከተለው። ቀጥሎ ሌላው። ተራቸውን እንዳያጡ ደግሞ በበሩ በየስልቻቸው ቦታ ድንጋይ አኖሩ። ሥርዓት ያለው ሕዝብ ነው።

የሆነውን የነገረኝ ያየው ጥበቃ ነው። ጓድ አበጀ ዘወትር ከጎን በር ይገባል፣ ቀና ሳይል ወረቀቱን ዘርግቶ ይጀምራል። ያን ቀንም «ጓዶች!» ብሎ ጀመረ። ስለ ጥንቃቄ ረጅም ነገር አነበበ። እንዲያውም ከሌላው ጊዜ ይልቅ ጸጥታው አስደስቶት ድምፁን አሳመረ። መፈክር ላይ ሲደርስ እጁን አንሥቶ «ወደ ፊት!» አለ። የመለሰ የለም። ደገመ። ቀና ብሎ ሲያይ አግዳሚው ሁሉ ስልቻ ነው። የፍየል አለ፣ የበግ አለ፣ ጆንያ አለ። በሁለተኛው አግዳሚ ላይ የኔዋ፣ ስሜን ይዛ።

አንድም አላንቀላፋም ነበር። ከሰው ስልቻ ነቅቷል።

እኔን ከወይራዬ ሥር አስነሡኝ። ጓድ አበጀ የግቢያችን በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

«አንቺ ነሽ ያሳደምሽው።»

«ተኝቼ ነበር። ተኝቶ የሚያሳድም ሰው አይቼ አላውቅም።»

«አብዮቱን መሳለቂያ አደረግሽ!»

«እኔ አብዮቱን አልነካሁም። ሐሙስን አትንኩብኝ ነው ያልኩ።»

«እስከ ነገ ጧት ትታሰሪያለሽ።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፤ ፈርቼ ነበር። ያን ጊዜ እስከ ነገ ተብሎ የገባ ሁሉ በነገው አይወጣም ነበር። ይርሳው ከማሳ ሮጦ መጥቶ ሞፈሩን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ቁርበቴን ከወይራው ሥር አንሥቶ ለጥበቃው ሰጠው።

እስር ቤቱ የማኅበሩ መጋዘን ነው። ባዶ ጆንያ እስከ ጣራው ተከምሮበታል። ጨለማ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ዝንብ አይገባም። ጆንያውን ደልድዬ ቁርበቴን አነጠፍኩ። ትንሽ ፈራሁ፣ ትንሽ ጸለይኩ፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። በቀትር እትየ ስንዱ እርጎ በጥበቃው እጅ ላከችልኝ። ጠጥቼ ተኛሁ። ማንም በካብ ላይ ብቅ ብሎ ምን ነካሽ አላለኝም። በሕይወቴ እንደዚያች ሐሙስ ያረፍኩባት ሐሙስ የለችም። ስለተኛሁ አሠሩኝ፣ ቅጣቱም መተኛት ሆነ። እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት ከተገኘ በየሳምንቱ ይክሰሱኝ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተከፈተ። ጓድ አበጀ ራሱ ነው የከፈተው። የታረቀ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቸኩሎ ነው። ቅዳሜ ከአውራጃው አንድ ተቆጣጣሪ ይመጣሉ፤ ለእሳቸው መስተንግዶ ድፎ ዳቦ ይጋገራል፤ ስንዴው አሁኑኑ ይፈጭ።

ወፍጮ ቤቱ ስንደርስ ሰልፉ ቆሟል። አያ ፈንታ ሞተሩን እያስነሣ ነው። ጓድ አበጀ ስንዴውን ከሁሉ ፊት አስቀመጠ።

«ተራ አለ» አልኩት።

«የመንግሥት ሥራ ይቀድማል።»

«እሺ። ያንተ ይቅደም ካልክ ትንሽ ቆይ፣ ማሟሻ ላስገባ።»

የወፍጮ ሰው ማሟሻን ያውቃል። ድንጋዩ ረቡዕ ተወቅሯል፤ ጎድጎዱ ውስጥ የድንጋይ ፍርፋሪና ብናኝ ይቀራል። ስለዚህ ከውቀራ በኋላ መጀመሪያ ሁለት ቁና ግርድ ይፈጫል፤ ያ ሲወርድ ድንጋዩን ጠርጎ ይወርዳል። የሚወጣው ዱቄት ለሰው አይሆንም፣ ይደፋል። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንደማይጋገርበት ማለት ነው።

ግርዱን ቁና ይዤ ስነሣ እጄን ያዘኝ።

«ይኼ ምንድን ነው? ለማን ነው የሚፈሰው?»

«ለድንጋዩ።»

«ለድንጋይ!» ወደ ሰልፉ ዞረ። «አያችሁ? ለድንጋይ እህል ይገብራሉ! በመንግሥት ሞተር ላይ ጨሌ ሊያመልኩ! ይኼ ነው ኋላ ቀር ልማድ ማለት!»

አያ ፈንታ ከሞተሩ ጀርባ ብቅ አለ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አምልኮ አይደለም። ፍርፋሪ አለው። ማሟሻ ካልገባ ዱቄቱ ድንጋይ ይይዛል።»

«አንተ ዝም በል፣ ስለ ጥንቃቄ መጀመሪያ ተማር።»

ስምንት ጣት ላለው ሰው ነው ይህን ያለው።

እኔ ሕዝቡ እንዲሰማ ጮክ ብዬ አልኩ፦ «ጓድ አበጀ፣ ማሟሻ ሳይገባ የተፈጨ ስንዴ ዳቦው ጥርስ ይሰብራል። ነግሬሃለሁ።»

«ፍጪ!»

አንድ ጊዜ መንገር ግዴታ ነው። ሁለተኛው ልመና ነው። ፈጨሁ። በልኩ አጥብቄ፣ አሳምሬ ፈጨሁለት፤ ሥራዬን አላበላሸሁም። ዱቄቱን በጣቴ ሳሸው አሸዋው ተሰማኝ። አንሥቶ ሄደ። ከኋላው የስማዳው ሽማግሌ ተራው ደረሰና ስልቻውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ሊቀመንበራችን ደግ ሰው ናቸው፣ ማሟሻውን በገዛ ስንዴያቸው አደረጉልን» አለ። ያን ዓርብ ሲሳቅ ዋለ። ድካም እንኳ አልተሰማኝም፤ ለነገሩ አርፌ ነበር።

ቅዳሜ ተቆጣጣሪው መጡ። ግዙፍ፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ነበሩ። ንግግር ተደረገ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ የመጀመሪያው ጉርሻ የእንግዳው ሆነ። ድምፁ በር ላይ ለቆመው ሰው ሁሉ ተሰማ ይላሉ። ቋ!

ከሰዓት በኋላ መንጋጋቸውን በመሐረብ ይዘው ወፍጮ ቤቱ ድረስ መጡ። ጓድ አበጀ ከኋላ ይከተላል።

«ይህን የፈጨ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ሆን ብለሽ ነው?»

«ማሟሻ ላስገባ ስል አምልኮ ነው ተብዬ ተከለከልኩ።»

«ማን ሰምቷል?»

እስክስታ እንደተጠራ ሰው ሁሉ ተነሣ። «ነግራዋለች!» አለ አንዱ። «ጮክ ብላ!» አለ ሌላው። እትየ ስንዱ ዓርብ እዚያ ሳትኖር «እኔም ሰምቻለሁ!» አለች።

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ተመለሱ። «ለምን ሐሙስ ቀደም ብለሽ አላስረዳሽውም?»

«ሐሙስ ታስሬ ነበር።»

«በምን?»

«በመተኛት።»

«እስር ቤት ምን አደረግሽ?»

«ተኛሁ።»

ሰውየው ሊስቁ ሞከሩ፤ ጥርሳቸው አላስቻላቸውም። የአያ ፈንታን እጅ አዩ፤ ጠየቁት፤ ስለ እርከኑ፣ ስለ ቺንጋው ነገራቸው። እንደ መጀመሪያው ጊዜ አላፈረም። «ደክሞኝ ነበር» አለ፤ ጓድ አበጀን እያየ።

ስለ ተቆጣጣሪው አትሳሳቱ፤ ጻድቅ አልነበሩም። ጥርሳቸው ባይሰበር ኖሮ የአያ ፈንታን ጣት አይጠይቁም ነበር። ፍትሕ ከጥርስ ሕመም ሲወለድ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቢሆንም ተወለደ። በዚያው ወረቀት አውጥተው ጻፉ፤ ማኅተም ተመታበት፤ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። «ሐሙስ ሞተሩ ያርፋል» ይላል። አነበብኩት። ፊደል ቆጥሬያለሁ አላልኳችሁም?

«ጌታዬ፣ ሞተሩ ብቻ?» አልኳቸው።

እንደገና ብዕራቸውን አወጡ። «ሠራተኞቹም» ብለው ጨመሩ። በጠርዙ ላይ፣ በጠባቡ። አሁንም በዓይኔ ላይ ናት።

ጓድ አበጀ ከዚያ በኋላም ሊቀመንበር ሆኖ ቆየ፤ ያን ጊዜ በጥርስ ከሥልጣን የወረደ የለም። ስብሰባውንም ወደ ሰኞ አዛወረው። ከእኔ ጋር ለብዙ ጊዜ አልተነጋገርንም። አንድ ሐሙስ ግን በዋርካው በኩል ሳልፍ፣ በበሩ ከተሰለፉት መካከል የሱን ጆንያ አየሁ፤ ዘጠነኛ ነው። እሱ ከገበሬዎቹ ጋር ተጋድሞ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቷል። ያንኮራፋ ነበር፤ እንቅልፍ ውስጥም ዜማውን አልተወም። አልቀሰቀስኩትም። በማግስቱ ዘጠነኛ ፈጨሁለት።

አያ ፈንታ ሞተሩን እስኪተው ድረስ ዐሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠራን። ሌላ ጣት አልሄደም። እኔም ሌላ ነጠላ አልተበላብኝም።

ዛሬ በኤሌክትሪክ ወፍጮ የምትሠሩ፣ በጤና ጣቢያ የምታድሩ፣ መኪና የምትነዱ ልጆች፣ ስሙኝ። ከረጅም ሥራ በፊት ያለው ቀን የሥራው አካል ነው። ተኙበት። በዚያ ቀን ለስብሰባ ይዘዋችሁ ሊሄዱ የሚመጡ ካሉ ስልቻ ስጧቸው።